ጁራቱቦዋ በማን እጅ ናት?

ዓርብ ሸኙኝ፤ ሰኞ ጠዋት ስልኬ ዝም አለ። በለመድኩት ሰዓት ተነስቼ፣ መነጽሬን አድርጌ የሥራ ሰሌዳችንን ልክፈት ብል «ይህ አካውንት ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣብኝ። ባለቤቴ ከአልጋው ሳይነሳ «እሰይ፣ ተገላገልሽ!» አለኝ። እኔ ግን የተገላገለ ሰው ስሜት አልነበረም የተሰማኝ። ያሸነፈ ሰው ስሜት ነው። እንዲያውም ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ለመናገር ነው።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የውኃ ፓምፕ ስጠግን ኖሬአለሁ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት የውኃ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት ወርክሾፕ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ሰርተፍኬቴን ፋይል ውስጥ ከተተና እኔን ደግሞ መጋዘን ውስጥ ከተተኝ። «ሴት ልጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ምን ትሠራለች?» ባይ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ብሎንና ጎሚኒ ሳስረክብ ከረምኩ። ደመወዜ ትንሽ፣ ብስጭቴ ትልቅ ነበር።

ከመጋዘን ያወጡኝ ጋሽ በዳዳ ናቸው፤ የወርክሾፑ ዋና መካኒክ። አንድ ቀን በመስኮቱ ብቅ አሉ፤ መፍቻ ሊጠይቁኝ ነው ስል «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። «ትንሽ ናት። ነይ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። የእሳቸው እጅ የማይገባበት የፓምፕ ሆድ ውስጥ የተቀረቀረች አንዲት ብሎን ነበረች። ፈታሁላቸው። ከዚያ ወዲያ መጋዘን አልመለሱኝም። አለቃው ሲጠይቃቸውም «የቷ ሴት? እኔ ጋ ያለችው መካኒክ ናት» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ጋሽ በዳዳ የእንጦጦ ሥር ገበሬ ልጅ ናቸው። የአባታቸው የገብስ ማሳ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በኦሮምኛ የሚያባብሉት ፓምፑን፣ በአማርኛ የሚቆጡት እኛን ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ይህ ኩሽኔታ ሁለት ወር ይቆያል» ካሉ ሁለት ወር ነው። ጠግነው ሲጨርሱ ደግሞ አጠገባቸው ያለውን ቧንቧ ከፍተው አያውቁም። ከግቢው መጨረሻ ያለችውን፣ ማንም የማያስታውሳትን ቧንቧ ፈልገው ይከፍታሉ። በእፍኛቸው ቀድተው ሳይጠጡ «አለቀ» አይሉም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ጁራቱቧቸውን ነው። ጁራቱቦ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ ነው፤ የእሳቸው እጀታዋ ቀይ ቀለም የተቀባ ነበር። ለሥራ ስንነሳ ለአንዳችን ይሰጡና «በማን እጅ ናት?» ይላሉ። የተቀበለው ሰው «በእኔ እጅ ናት» ብሎ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ሥራው እስኪያልቅ መሬት አትቀመጥም። መሄድ የፈለገ ሰው፣ ሌላው «በእኔ እጅ ናት» ብሎ እስኪቀበለው ድረስ ንቅንቅ የለም። አምስት ሰው ሊያግዝ ይችላል፤ ጁራቱቦዋን የሚይዛት ግን አንድ ነው። እኔ በያዝኳት ቀን ጋሽ በዳዳ ራሳቸው፣ የሁላችን አለቃ ሆነው ሳለ፣ «ምን ልያዝልሽ?» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ከቁመቴ በላይ የረዘምኩ ይመስለኝ ነበር።

ድርጅቱ ሲፈርስ እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔ ሁለት ሦስት ቦታ ተንከራትቼ በመጨረሻ ሲግናል ሰፈር ያለ የግል ድርጅት ገባሁና አሥራ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። የሆቴል፣ የትምህርት ቤትና የክሊኒክ ፓምፖችን እንከታተላለን። አለቃዬ ኢንጂነር ፍቅሩ በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ አዲስ ነገር የሚወዱ፣ ቀና ሰው። ለብዙ ጊዜ የሥራ ካርዳችን ወረቀት ነበር። የኃላፊው ስም የሚጻፍበት መስመር አንድ ብቻ፣ ያውም አጭር። ከአራት ዓመት በፊት ኢንጂነር በስልክ የሚሠራ ሶፍትዌር አመጡልን። እኛ «ሰሌዳው» አልነው።

ሰሌዳውን ወደድኩት፤ አልዋሽም። እያንዳንዱ ሥራ ካርድ አለው፤ የፓምፑ ታሪክ ከነፎቶው እዚያው ነው። ከካርዱ ሥር የኃላፊዎቹ ፎቶ በትንንሽ ክብ ይደረደራል፤ የፈለግነውን ያህል ሰው መጨመር እንችላለን። ኢንጂነር «ከእንግዲህ ሥራው የጋራ፣ ኃላፊነቱም የጋራ ነው» ሲሉ አጨበጨብን። አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ይሉኝታችን ሰሌዳው ውስጥ ገባ። ሰለሞን ሾፌራችን ነው፤ መጋዘኑንም የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ቀን እሱ ነድቶ ባደረሰን ሥራ ላይ ፎቶውን ሳላደርግ ቀረሁ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን «ሙልዬ፣ እኔ እዚህ ቤት የለሁም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበል? ጨመርኩት። እሱን ጨምሬ አለቃን መተው ነውር ሆነብኝ፤ ኢንጂነርንም ጨመርኩ። ጫልቱ የምትባል ወጣት ቴክኒሺያን አለችን፤ ልጅቷ እንዳይከፋት እሷንም ጨመርኩ። ሌሎቹም እንደዚያው ያደርጋሉ። አምፖል ለመቀየር አምስት ፎቶ የተደረደረበት ካርድ አይቻለሁ። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል እንደምንቆመው፣ ሰሌዳው ላይም ቆመን ነበር።

አሁን ወደ ውርደቴ ልግባ።

እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ማዋለጃ ክፍል ያለው የበጎ አድራጎት ክሊኒክ አለ። ከላይ ያሉ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ያን ቁልቁለት ወርደው ከተማ ከመግባት የሚያድናቸው እሱ ነው። የጉድጓዱን ፓምፕ የምንከታተለው እኛ ነን። ጉድጓዱ ውስጥ ውኃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ፤ ፓምፕ ውኃ ሳያገኝ ከዞረ ይቃጠላልና። ያ መቆጣጠሪያ አንድ ዓርብ ከሰዓት ተበላሸ። ምትኩ መጋዘን ውስጥ አልነበረም። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሁድን ያለ ውኃ እንዳይሰነብት ብዬ በቁራጭ ሽቦ አገናኘሁትና ፓምፑ ያለ ጠባቂ መሥራት ጀመረ። ለሁለት ሦስት ቀን ብዬ ነው። እዚያው ቆሜ ካርድ ከፈትኩ፤ «መቆጣጠሪያው ይቀየር፣ ሽቦው ይውጣ»። ፎቶዎቹንም በማዕረግ ደረደርኳቸው፤ ኢንጂነር፣ እኔ፣ ሰለሞን፣ ጫልቱ። አራታችንም የአውራ ጣት ምልክት አደረግንበት።

መቆጣጠሪያው ማክሰኞ ተገዝቶ መጣ። ሰለሞን ለጫልቱ ሰጣትና የእኔ ድርሻ አለቀ አለ። ኢንጂነር ሌላ ሦስት ሰው እንዳለበት አዩና ሐሳባቸውን ጣሉ። ጫልቱ ረቡዕ ለሌላ ሥራ ክሊኒኩ ሄዳለች፤ መቆጣጠሪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የፓምፑ ሳጥን ፊት ቆማ፣ አይታው፣ ተመለሰች። በኋላ ስጠይቃት «የእርስዎና የኢንጂነር ስም ከላይ እያለ እኔ ብከፍተው ድፍረት መሰለኝ፣ እትዬ ሙሉ» አለችኝ። እኔስ? እኔ ለእሷ ትቼላት ነበር። በራሷ እጅ ሠርታ እንድትኮራ፣ ሥራዋን የቀማኋት እንዳይመስላት። ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን። በአሥራ አንደኛው ቀን ፓምፑ ተቃጠለ።

ጠዋት ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ገነት መጀመሪያ ሰለሞን ጋ ደወሉ፤ «ጫልቱ ጋ ይደውሉ» አላቸው። ጫልቱ «እትዬ ሙሉ ናቸው የሚያውቁት» አለቻቸው። እኔ ሾላ ገበያ ታክሲ ተራ ግፊያ ውስጥ ስለነበርኩ ስልኬን አልሰማሁትም። ኢንጂነር ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስንደርስ የፓምፑ ቤት የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ሁለት ሴቶች ምጥ ላይ ናቸው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን በሩ ላይ ደርድረው፣ በክሊኒኩ ጀሪካን ከሸለቆው ምንጭ ውኃ ያመላልሳሉ። ማንም አልለመናቸውም። እኔ ደርቄ ቆሜ ሳይ አንዷ ጀሪካኗን እንዳዘለች «ዞር በይልኝ እናቴ፣ መንገድ ልቀቂ» አለችኝ። ለቀቅሁላት።

ልጆቹ በሰላም ተወለዱ፤ ተመስገን ነው። እኔ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ቁራጯን ሽቦ ነቅዬ በእጄ ጨብጫት ነበር። ሲስተር ገነት ተከትለውኝ መጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ አራት ስም ሰጣችሁኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የምፈልገው ግን አንድ ሰው ነው።»

አዲስ ፓምፕ ተከልን። በሳምንቱ ግን ከክሊኒኩ ቦርድ ደብዳቤ መጣ። ማዋለጃ ክፍሉ አስተማማኝ ውኃ ሳይኖረው ሊቀጥል አይችልም፤ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ውኃው አንድ ቀን እንኳ ከተቋረጠ ይዘጋል ይላል። ይህ ማለት እናቶቹ ወደዚያ ቁልቁለት ይመለሳሉ ማለት ነው። የሦስት ወሩ መጨረሻ ደግሞ እኔ ጡረታ ከምወጣበት ዓርብ ጋር ገጠመ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ሊመዘን ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

እሁድ ጉራራ ሰፈር ጋሽ በዳዳ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል። ጆሯቸው ሰው አይሰማም፤ የጎረቤት ፓምፕ ሲያቃስት ግን ይሰማል። ስልኬን ከፍቼ ሰሌዳውን አሳየኋቸው። አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አራቱን ፎቶዎች ተራ በተራ አዩ።

«ያ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በስልሳ ዓመቴም ልጃቸው ነኝ። «ፎቶው ቆንጆ ነው። ጁራቱቦዋ በማን እጅ ናት?»

«በአራታችንም እጅ ናት፣ ጋሽ በዳዳ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትይዟት? እስቲ አሳዪኝ።»

እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ሲያባራላቸው ስልኩን መለሱልኝ። «ጥፋቱ የዚህ ዕቃ አይደለም። ፈርታችሁ ነው። አንዱን ስትጠሪ ሌላው የሚቀየምሽ ይመስልሻል። አንዱን ጥሪ፤ ሌላውን ደግሞ ምን እንደሚይዝ ንገሪው። እኔ ያየሁት ሰው የሚቀየመው ባዶ እጁን ሲያቆሙት ነው።»

ስወጣ ያቺን ቀይ ጁራቱቦ ከአልጋቸው ሥር አውጥተው በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ክብደቷን ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና ታሪኳን ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ካርድ አንድ ባለቤት ይኑረው አልኩ። ሌሎቻችን አጋዦች እንሁን፤ ሰሌዳው የአጋዦች ቦታ እንዳለው ያገኘችልን ጫልቱ ናት፣ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ነክቶት አያውቅም። የአውራ ጣት ምልክት ይቅር፤ ሥራ የተቀበለ ሰው «በእኔ እጅ ናት» ብሎ ይጻፍ። ማስረከብ የፈለገ፣ ተቀባዩ እስኪጽፍ ድረስ አይልቀቅ። ሥራው ትልቅ ከሆነ ይቆራረስና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤት ይገኝለት። ካርዱ የሚዘጋውም የመጨረሻዋ ቧንቧ ተከፍታ ፎቶዋ ሲለጠፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«የክሊኒኩስ ሥራ?» አሉ ኢንጂነር።

«ጫልቱ» አልኩና ካርዱን በስልኬ ቀየርኩት።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ጫልቱ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። «እኔ? ኧረ እትዬ ሙሉ፣ ኖ! እርስዎ እያሉ?»

«ከሦስት ወር በኋላ እኔ የለሁም» አልኳት።

ኢንጂነር ስልካቸውን አወጡ። ከጫልቱ ፎቶ ሥር፣ ከአጋዦች ተርታ የእሳቸው ፎቶ ተቀምጧል። ትክ ብለው አዩት። «ስለዚህ እኔ የጫልቱ አጋዥ ነኝ?»

ጁራቱቦዋን ወደ ጫልቱ ገፋ አደረግኋት። «ለዚህ ሥራ፣ አዎ ኢንጂነር።»

ሰለሞን መቻል አቃተው። «አይዞዎት ኢንጂነር፣ እኔም አለሁበት። ከከፋዎት ማኩረፍ አስተምርዎታለሁ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኢንጂነርም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን፣ ጋሽ በዳዳን በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቁት ሰው፣ ወደ ጫልቱ ዞሩና «እሺ፣ ምን ልያዝልሽ?» አሏት።

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ። ጫልቱ ጁራቱቦዋን በሁለት እጇ አነሳቻት። «በእኔ እጅ ናት» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

«አልተሰማም!» አልኳት።

«በእኔ እጅ ናት!»

ልጅቷ ሥራውን እንደ ዳቦ ቆራርሳ አደለችን። ለሰለሞን ተጠባባቂ መለዋወጫዎቹን ሰጠችው፤ መደርደሪያ ለይቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዞረ። ኩርፊያ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላየሁበትም። ኢንጂነር የመብራቱንና የቦርዱን ጉዳይ ወሰዱ። አንድ ዝናባማ ቀን መኪናው ዳገቱን እምቢ ሲል በቢሮ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ ቧንቧ ተሸክመው ሲወጡ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። ለእኔ የተሰጠኝ ማዳመጥ ነበር። በየሐሙሱ ካቻቢቴዬን ሞተሩ ላይ፣ ጆሮዬን እጀታው ላይ አድርጌ የሰማሁትን እጽፋለሁ። አንድ ቀን የላላ ሽቦ አይቼ ማንንም ሳልጠይቅ ላጠብቅ ስል ከኋላዬ መጣችብኝ። «እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ይቺ በማን እጅ ናት?» አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ቁጣ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። ቢሮ ውስጥ ኬክ ተዘጋጅቷል፤ ጋቢ አልብሰውኛል። የሁለት ሰው ንግግር ተሰምቶ ቢላዋውን ኬኩ ላይ ላሳርፍ ስል የሁላችንም ስልክ ባንዴ ጮኸ። «ክሊኒክ። ፓምፑ ቆሟል።» የጫልቱ ወንበር ባዶ ነው፤ በንግግሩ መሀል ስልክ ጠርቷት እንደወጣች ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው የሚያቆየው። ሦስት ወሩ የሚሞላው ደግሞ በዚያው ዕለት ነው። ቢላዋውን ጥዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው ወይዘሮ ሙሉ?» አሉኝ ኢንጂነር።

«ክሊኒክ ነዋ!»

«በማን እጅ ናት?»

ጋቢዬን እንደለበስኩ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ያ መቀመጥ ነበር።

ሰሌዳው ላይ የጫልቱ ጽሑፍ ወጣ። «በእኔ እጅ ናት። ቦታው ላይ ነኝ። መብራቱ ሲዋዥቅ ኮንታክተሩ ተቃጥሏል።» ኮንታክተር ለፓምፑ መብራት የሚሰጥና የሚነሳ ዕቃ ነው። ቀና ስል ሰለሞን የለም። ወዲያው እሱም ጻፈ፤ «ኮንታክተሩን ይዤ መንገድ ላይ ነኝ። ይቺ ቁራጭ በእኔ እጅ ናት።» ኢንጂነር «ምን ልያዝልሽ?» ብለው ጻፉላት። መልሷ ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ «ኬክ ያስቀሩልኝ።»

ማንም ኬክ አልነካም። ሁላችንም ስልካችን ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። ሰዓት ተኩል ሊሞላ ሲል ፎቶ ወጣ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለችው፣ ማንም የማያስታውሳት ቧንቧ ናት። ከሥሯ ግሪስ የነካው የጫልቱ እፍኝ አለ፤ ውኃ ሞልቶ ይፈሳል። ታንከሩ ሳይጎድል ፓምፑ ተነስቷል። ከፎቶው ሥር «ሲስተር ገነት አሁን ነገሩኝ፤ ቦርዱ ማዋለጃው አይዘጋም ብሏል» ብላ ጽፋለች። ሲስተር ገነት የነገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለእሷ ነው። ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መልሼ እልልታዬን አቀለጥኩት።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ስልኬ ዝም ሲል የሳቅሁት ለዚህ ነው። ከሳቅሁ በኋላ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። በታክሲ ሄጄ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። የክሊኒኩ በር ላይ የማላውቀው አዲስ ዘበኛ ነበር።

«ለሕክምና ነው፣ እናቴ?»

«አይ፣ ስለ ውኃው ጉዳይ ነው» አልኩት።

«ለውኃ ከሆነ ጫልቱ ጋ ይደውሉ። ስልኳን ልስጥዎት።» ቁጥሩን ሳያይ በቃሉ ይጠራልኝ ጀመር።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት ሆነ ብዬ። «ኢንጂነሩ፣ ወይም ሙሉነሽ የምትባል?»

«ሙሉነሽን አላውቃትም» አለ ዘበኛው። «ደግሞስ ሌላ ሰው ምን ያደርግልዎታል? ጫልቱ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች እኮ።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩትና ገባሁ። ከማዋለጃው ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ገመዱ ላይ ትንንሽ ልብስ ተሰጥቷል። በማጠቢያው ጀርባ ዞሬ የመጨረሻዋን ቧንቧ ከፈትኳት። ግፊቷ ጥሩ ነው። በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁና «አለቀ» አልኩ።